ልጅ በልጅ

(ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ለመሆኑ የሰው ልጅ ለዓመት ሲመጣባችሁ በቤታችሁ ሥራው የሚበዛበት ማን ነው? ይህን ጥያቄ ያነሣነው የሮታሪ ክበቦችን ታሪክ ስናገላብጥ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በቺካጎ ነው። በፌብሩዋሪ 23 ቀን 1905 ጠበቃው ፖል ሐሪስ ከአንድ የከሰል ነጋዴ፣ ከአንድ የማዕድን መሐንዲስና ከአንድ ልብስ ሰፊ ጋር ሆኖ ክበብ አቋቋመ። ስብሰባው በየአባሉ ቢሮ ተራ በተራ ይደረግ ስለ ነበር ሮታሪ፣ ማለትም ዟሪ፣ ተባለ፤ የኛስ የጽዋ ማኅበር ከቤት ቤት ይዞር የለ? ክበቦቹ በየአገሩ ሲበዙ ጎረቤታሞቹ በዲስትሪክት ይታቀፉ ጀመር፤ በላዩም ለአንድ ዓመት ብቻ የሚያገለግል ገዥ አለ። የኢትዮጵያ ክበቦች በ2013 ከኬንያዎቹ ጋር በዲስትሪክት 9212 ተመድበዋል።

የወጣቶች ልውውጥ የሚባለው ሥራ በ1920ዎቹ መጨረሻ በአውሮፓ ክበቦች መካከል ተጀመረ። ጦርነት አቋረጠው። በ1950ዎቹ ደግሞ አጭር ጉብኝት መሆኑ ቀርቶ የአንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት ቆይታ ወደ መሆን አደገ። ልውውጥ መባሉም ለወግ አይደለም፤ ልጅ የላከ ልጅ ይቀበላል። የአውሮፕላኑንና የኢንሹራንሱን ወጪ የልጁ ቤተሰብ ይችላል፤ አልጋና ምግብ ግን ከተቀባዮቹ ነው። ብዙውን ጊዜም ልጁ በዓመቱ ውስጥ ከአንድ ቤት ወደ ሌላው ይዛወራል።

እንግዲህ ጥያቄያችን እዚህ ላይ ነው። ምልክቱን ኮቱ ላይ ሰክቶ እንግዳውን ለክበቡ የሚያስተዋውቀው አባወራው ነው። በናፍቆት የሚያለቅሰውን ልጅ የምታባብል፣ የአገሩን ቋንቋ የምታስለምድ፣ ሸሚዙን የምታጥብ ግን አብዛኛውን ጊዜ እናቲቱ ነበረች። እሷ ታዲያ አባል መሆን አትችልም፤ ደንቡ ወንድ ብቻ ይላላ! ልጃገረዶች እንኳ በክበቡ ስም ውቅያኖስ ተሻግረው፣ በአባላቱ ፊት ቆመው ስለ አገራቸው ይናገሩ ነበር። አድገው ቢመለሱ ወንበር የላቸውም። ይቺን እኛ ክፉኛ ታዘብናት።

ነገሩን ያፈረሰው ትልቅ ክበብ አይደለም። በካሊፎርንያ ዱዋርቴ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። የክበቧ አባላት ተመናምነው ስለ ነበር በ1977 ሦስት ሴቶችን አስገባ። ሮታሪ ኢንተርናሽናል በ1978 ከማኅበሩ አስወጣው። ዱዋርቴዎች ግን አልተበተኑም፤ ራሳቸውን "የቀድሞው ሮታሪ" ብለው መሰብሰባቸውን ቀጠሉ፤ ክስም መሠረቱ። ማኅበሩ የመደራጀት ነጻነቴ ተነካ ሲል ተከራከረ። ክርክሩ ዓመታት ፈጅቶ በሜይ 4 ቀን 1987 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለዱዋርቴ ፈረደ፤ የፈረዱት 7ቱም ዳኞች በአንድ ድምፅ ነበሩ። በዚያው ዓመት የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር የነበሩት ሲልቪያ ዊትሎክ የዱዋርቴ ክበብ ፕሬዚዳንት ሆኑ።

በ1989 ማኅበሩ ራሱ "ለወንዶች ብቻ" የሚለውን ከደንቡ አወጣ። እስከዚያ ድረስ የሰው ልጅ ሲያሳድሩ የኖሩት እናቶች በአባልነት መዝገቡ ላይ የሉም።