ጎርጎራ

ጎርጎራ በጣና ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ የምትገኝ ከተማ ናት። ከሱዳን ከተሞች ከሀዋታና ከገዳሪፍ በመተማ በኩል የሚመጣ መንገደኛ ሸኸዲንና አይከልን አልፎ፣ አዘዞ ላይ ወደ ደቡብ ታጥፎ በቆላ ድባ ይደርስባታል።

ለእግረኛ የሚመቸው ከደብረ ሲና ማርያም አካባቢ የሚጀምረው የሐይቅ ዳር መንገድ ነው። ክቡ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳው በጥንታዊ ሥዕሎች የተሸፈነ በመሆኑ ሳያዩት ማለፍ ያስቆጫል። ዳርቻው ላይ ዋርካና ሾላ ጥላ ይሰጣሉ፤ ከደንገል የተሠሩ ታንኳዎች ውኃው ላይ ይታያሉ።

የጥንቱ መናገሻ ፍርስራሽ ያለው ከከተማዋ በስተ ምዕራብ፣ በአሮጌው ጎርጎራ ነው፤ በጀልባም ይደረሳል። ስፍራው የአፄ ሱስንዮስ (1607–1632 እ.ኤ.አ.) መናገሻ ነበር። ከኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን ቤተ ክርስቲያን፣ ከማርያም ግንብ፣ የቀሩት ግድግዳዎች የተጠረበ ድንጋይና የአበባ ቅርጽ ያለው ውብ ጌጥ ይዘዋል። ጎንደር የተቆረቆረችው ከዚህ በኋላ፣ በ1636 ነው።

ግንቡ በእጅጉ ስለተጎዳ ጎብኚ ግድግዳው ላይ ሊወጣም ሆነ ድንጋይ ሊያነሣ አይገባም።