መተማ፦ የድንበርና የሰሊጥ ከተማ

ከጎንደር ተነስቼ በአዘዞና በአይከል በኩል ወደ ምዕራብ ስወርድ ደጋው አለቀና ሙቀቱ ተቀበለኝ። የምዕራብ ጎንደር ዞን መቀመጫ ገንዳ ውኃ ብትሆንም፣ ስሟ የገነነው መተማ ዮሐንስ ናት፤ አፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከድርቡሾች ጋር ሲዋጉ የቆሰሉት እዚህ ነው። ከሱዳኗ ጋላባት የሚለያት ትንሽ ወንዝ ብቻ ነው።

የከተማዋን ኑሮ የሚያንቀሳቅሰው ግን ሰሊጥ ነው። ሰሊጥ ከደረሰ ጊዜ አይሰጥም፤ ቆባው ተከፍቶ ፍሬው ይረግፋል። ስለዚህ በመስከረምና በጥቅምት የቀን ሠራተኛው ከደጋ ይጎርፋል፤ ብዙው የሚያድረው ሜዳ ላይ፣ ግራር ሥር ነው። በተሰነጣጠቀው ጥቁር አፈርና በግራሩ አካባቢ ደግሞ ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ አለች። በሽታው ጣፊያን ያሳብጣል፤ ካልታከመ ይገድላል። ምልክቱ ሠራተኛው አገሩ ከገባ ከወራት በኋላ ሊታይ ስለሚችል ወባ ነው ተብሎ ይታለፋል። በእኔ እምነት ባለሀብቱ ከደመወዙ ጋር አጎበርም ማቅረብ አለበት።

በገበያው አማርኛና ዐረብኛ ጎን ለጎን ይሰማሉ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳም ሕዝቡ በሺዎች እየሆነ የገባው በዚሁ በር ነው፤ ለስደተኞቹ ኩመር ላይ መጠለያ ተቋቋመ። ከገቡት መካከል ለእንጀራ ሱዳን የከረሙ ኢትዮጵያውያንም ነበሩ።