ኬንዞ ታንጌ፦ ከሂሮሺማ ፍርስራሽ እስከ ቶኪዮ መንትያ ማማዎች

የዘመናዊቷ ጃፓን ሥነ ሕንጻ ሲነሳ የኬንዞ ታንጌ ስም ቀድሞ ይመጣል። በ1913 (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኦሳካ ውስጥ ተወለደ። ልጅነቱን በቻይናና በጃፓኗ ኢማባሪ አሳልፎ ለትምህርት ሂሮሺማ ገባ። የስዊዘርላንድ ተወላጁን አርክቴክት የሌ ኮርቡዚዬን ንድፍ መጽሔት ላይ ያየውና ሙያውን የመረጠው እዚያ ነው። በ1938 ከቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ፣ ከሌ ኮርቡዚዬ ዘንድ ተምሮ በመጣው በኩኒዮ ማዬካዋ ቢሮ ተቀጠረ።

በ1942 ያሸነፈው ውድድር የጃፓንን የእስያ ወረራ የሚያወድስ መታሰቢያ ለመንደፍ ነበር፤ መታሰቢያው ግን ሳይሠራ ቀረ። ከሦስት ዓመት በኋላ የተማረባት ሂሮሺማ በአቶሚክ ቦምብ ወደመች። በዚያው ሰሞን እናቱ በኢማባሪ የአየር ድብደባ ሞቱ። የጦርነት ሐውልት የነደፈው ሰው በ1949 የሂሮሺማን የሰላም መታሰቢያ ፓርክ ውድድር አሸነፈ።

በ1955 የተከፈተው ሙዚየም በረድፍ ምሰሶዎች ላይ ከመሬት ከፍ ብሎ የተዘረጋ ረጅም ሕንጻ ነው። ጎብኚው በሥሩ አልፎ ሲወጣ ፊት ለፊቱ ለሟቾች የቆመ ቅስት ያገኛል፤ በቅስቱ ውስጥ አሻግሮ ሲያይ ደግሞ ከወንዙ ማዶ ከቦምቡ የተረፈው ባለ ጉልላት ፍርስራሽ ይታየዋል። ሦስቱን በአንድ መስመር ያሰለፈው ታንጌ ነው። ከተማዋን በሚያድስ ፕሮጀክት ላይ የዓይን ማረፊያ ያደረገው የራሱን ሥራ ሳይሆን ፍርስራሹን ነው።

ኢትዮጵያውያን የ1964ቱን የቶኪዮ ኦሊምፒክ በአበበ ቢቂላ የማራቶን ድል እናስታውሰዋለን። የውሃ ዋና ውድድር የተካሄደበትን የዮዮጊ ጂምናዚየም የነደፈው ደግሞ ታንጌ ነበር። 126 ሜትር በሚራራቁ ሁለት የኮንክሪት ማማዎች ላይ ወፋፍራም የብረት ገመዶች ተወጥረዋል፤ ጣሪያው ከእነሱ ተንጠልጥሎ ወደ ግራና ቀኝ ይወርዳል። ተመልካቹን የሚጋርድ ምሰሶ በአዳራሹ መሀል የለም። ስሌቱን የሠራው መሐንዲስ ዮሺካትሱ ትሱቦይ ነው። ያን ዓመት ያለቀውን የቶኪዮ ቅድስት ማርያም ካቴድራልም ሁለቱ አብረው ሠሩት፤ ከላይ ሲታይ መስቀል ነው።

ታንጌ ለከተማም አሰበ። የሕዝቧ ቁጥር ወደ አሥር ሚሊዮን የተጠጋው ቶኪዮ በባሕረ ሰላጤው ላይ እንድትሰፋ ያቀደበት የ1960 ንድፍ በወረቀት ቢቀርም፣ በዚያ ሥራ የተሳተፉ ኪሾ ኩሮካዋንና አራታ ኢሶዛኪን የመሰሉ አርክቴክቶች ያደጉት በእሱ ሥር ነው። በ1963 በመሬት መንቀጥቀጥ የፈረሰችውን የመቄዶንያዋን ስኮፕዬን መልሶ ለመገንባት የወጣውንም ውድድር አሸነፈ፤ ዕቅዱ ተፈጻሚ የሆነው ግን በከፊል ነው። በ1987 ለአርክቴክቶች የሚሰጠውን የፕሪትዝከር ሽልማት የተቀበለ የመጀመሪያው ጃፓናዊ ሆነ።

በ1991 ሥራ የጀመረው 243 ሜትር ቁመት ያለው ባለ መንትያ ማማ የቶኪዮ አስተዳደር ሕንጻ ግን ሙገሳም ወቀሳም አስከትሏል። በግብር ገንዘብ የቆመ የትዕቢት ምልክት ነው ያሉ ብዙዎች ናቸው። እሱው ራሱ ነድፎት በ1957 ያለቀው የቀድሞው የአስተዳደር ሕንጻም ፈረሰ።

ታንጌ በ2005፣ በ91 ዓመቱ ሲያርፍ ቀብሩ የተፈጸመው በነደፈው ካቴድራል በተካሄደ ጸሎት ነበር። በእኔ ሚዛን ትልቁ ሥራው ረጅሙ አይደለም። በሂሮሺማ ለሙታን፣ በዮዮጊ ለተመልካቹ ቦታ ለቀቀ፤ የቶኪዮ ማማዎች ግን ከራሳቸው በቀር የሚያሳዩት የላቸውም። ታንጌን ታላቅ ያደረገው ቦታ መልቀቁ ነው።