ይምርሐነ ክርስቶስና በዋሻው ያረፉ ሙታን

በላስታ አገር፣ ከላሊበላ በስተ ሰሜን፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ጎን ባለ ታላቅ ዋሻ ውስጥ የተሠራ አንድ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ በሠራውም ንጉሥ ስም ይምርሐነ ክርስቶስ ይባላል። ይህ ንጉሥ ከዛጔ ነገሥታት አንዱ ነው፤ ከቅዱስ ላሊበላ አስቀድሞ በ12ኛው መቶ ዓመት ነገሠ። ገድሉም ክህነትን ከመንግሥት ጋራ አስተባብሮ እንደ ያዘ ይናገራል።

ሕንፃው እንደ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከአለት የተፈለፈለ አይደለም፤ ድንጋይና እንጨት እየተፈራረቀ የተገነባ ነው። ድንጋዩ ተለስኖ ሲነጣ፣ እንጨቱ ጠቍሮ በመካከሉ ያልፋል። እንዲህ አድርጎ መሥራት የአክሱም ሰዎች ልማድ ነበረ፤ የሐውልቶቹም ጠራቢዎች ይህንኑ የእንጨት ሥራ በድንጋይ ላይ አስመስለው ቀርጸውታል። ስለዚህ የአክሱም መንግሥት ካለፈ ከብዙ ዘመን በኋላ ጥበቧ በላስታ እንዳልጠፋ ይህ ሕንፃ ምስክር ነው።

በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋራ ወደ ኢትዮጵያ የገባው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ይህን ቤተ ክርስቲያን አይቶ ጽፎአል፤ መጽሐፉም እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1540 ታተመ።

የንጉሡ መቃብር በዚያው ዋሻ ውስጥ በክብር ተጠብቆ ይገኛል። ከቤተ ክርስቲያኑ በስተ ኋላ ግን የብዙ ሰዎች ዐፅም አፈር ሳይለብስ ተከምሮ ይታያል፤ ስፍራው ደረቅ ስለ ሆነ ከአንዳንዱ ላይ ቆዳው እንኳ አልጠፋም። የአገሩ ካህናት ከአባቶቻቸው እንደ ሰሙት፣ እነዚህ ሙታን የንጉሡን ቅድስና ሰምተው ከግብፅ፣ ከሶርያና ከኢየሩሳሌም ጭምር መጥተው በዚያ ያረፉ ተሳላሚዎች ናቸው።

የንጉሡን ስም ገድሉና ሕንፃው አቆዩት፤ የእነዚያን ተሳላሚዎች ስም ግን የሚነግር ጽሕፈት ከዐፅማቸው ጋራ የለም። የመምጣታቸው ምልክት ዐፅማቸው ብቻ ነው። ሕንፃው የሠሪውን ጥበብ ያሳያል፤ ዐፅሙ ደግሞ በዚያ ቤት ደጅ መሞትን የመረጡ ሰዎች እንደ ነበሩ ያሳያል። አንዱ ከሌላው ቢለይ ታሪኩ ይጎድላል።

ስለዚህ ግንቡንና ጣራውን ለማደስ የሚተጋ ሁሉ ለሙታኑም ሊያስብ ይገባዋል። ተመልካች እንዳይነካቸውና እንዳይረግጣቸው መከልከል፣ ሊመረምር የሚመጣውም ሊቅ በካህናቱ ፈቃድና በአክብሮት እንዲሠራ ማድረግ ያስፈልጋል። ከሩቅ አገር ለመሳለም መጥቶ የሞተ እንግዳ፣ ዘመድ ባይኖረው እንኳ፣ አደራው በተቀበለችው ቤተ ክርስቲያን ላይ ነው።