«ወንዶች እንሁን» ከሚለው ቃል ወዲህ፦ ሴቶችና የምህንድስና ትምህርት በማኬሬሬ

በካምፓላ ከተማ ኮረብታ ላይ የሚገኘው የማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ በምሥራቅ አፍሪካ ካሉት የከፍተኛ ትምህርት ተቋሞች በዕድሜ ከቀደሙት አንዱ ነው። ሥራውን የጀመረው ግን በዩኒቨርሲቲ ስም አልነበረም። በ1922 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሩን የከፈተው የእጅ ሥራ ትምህርት ቤት ሆኖ ነው፤ ተማሪዎቹም ከቤታቸው እየተመላለሱ የሚማሩ 14 ወንዶች ልጆች ሲሆኑ፣ የሚማሩት አናጢነት፣ ግንበኝነትና መካኒክነት ነበር። ስለዚህ የማኬሬሬ መሠረቱ ምህንድስና ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

የትምህርት ቤቱ መሪ ቃል «ወንዶች እንሁን» የሚል ነበር። በእኛም ቋንቋ «ወንድ ሁን» ማለት በርታ፣ ቆራጥ ሁን ማለት ስለ ሆነ፣ ቃሉን ያወጡት ሰዎች ሴቶችን ለማራቅ አስበው ነው ብሎ ለመፍረድ ያስቸግራል። ነገር ግን ሳይታሰብ የተነገረ ቃልም በር ይዘጋል። በ1945 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ 6 ሴቶች በገቡ ጊዜ ቃሉ የማይስማማ ሆኖ ተገኘና «ለመጪው ዘመን እንገነባለን» በሚል ተለወጠ።

የሚያስገርመው፣ መሪው ቃል ስለ ግንባታ ሲናገር የግንባታው ትምህርት ግን ከዚያ ኮረብታ ርቆ መቆየቱ ነው። የምሥራቅ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ በ1963 ዓ.ም. ሲቋቋም ምህንድስና የናይሮቢ፣ ሕክምና የማኬሬሬ፣ ሕግ የዳሬሰላም ድርሻ ሆነ። ማኬሬሬ የራሱን የቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ያገኘው ያ ኅብረት በፈረሰበት በ1970 ዓ.ም. ነው። በተከተለው ዓመት ኢዲ አሚን ሥልጣን ያዘ፤ ብዙ መምህራንና ተማሪዎችም ተሰደዱ። ከተሰደዱት ወጣቶች አንዷ የነበሩት ወይዘሮ ዊኒ ብያኒማ በእንግሊዝ አገር፣ በማንቸስተር፣ የአውሮፕላን ምህንድስና ተምረው በዚህ ሙያ የመጀመሪያዋ ኡጋንዳዊት ሆኑ።

በ1990 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ለመግባት ለሚያመለክቱ ሴቶች ሁሉ 1.5 ነጥብ እንዲጨመር ወሰነ። (ለሴቶች የመግቢያውን ነጥብ ዝቅ ማድረግ በኢትዮጵያም የታወቀ ነው።) የሴቶች ቁጥር ፈጥኖ ጨመረ። ይሁን እንጂ ከገቡት የሚበዙት የሥነ ጽሑፍና የማኅበራዊ ትምህርት ክፍሎችን እንጂ የቴክኖሎጂ ፋኩልቲን አልተቀላቀሉም፤ ከውሳኔውም ይበልጥ የተጠቀሙት በመልካም የከተማ ትምህርት ቤቶች ያደጉ ልጆች ነበሩ። ይህን ለመረዳት መምህር የሆነ ሰው ብዙ መመርመር አያስፈልገውም። ነጥቡ የሚጨመረው በዩኒቨርሲቲው በር ላይ ነው፤ ላቦራቶሪ በሌለው የገጠር ትምህርት ቤት ተምራ ፊዚክስንና ሂሳብን በሁለተኛ ደረጃ ሳለች የተወች ልጅ ግን ነጥቡ ቢጨመርላትም ወደ ምህንድስና የሚያስገባት አይሆንም። እንደ እኔ አስተያየት ውሳኔው ስሕተት አልነበረም፤ የዘገየ ነበር እንጂ፤ መዘግየቱም ያለው በዓመቱ ሳይሆን በልጅቷ ዕድሜ ነው።

በአዲሱ ምዕተ ዓመት መጀመሪያ በአሜሪካው በካርኔጊ ድርጅት ገንዘብ የተቋቋመው የሴቶች ስኮላርሺፕ ይህን ጉድለት ተመልክቶ ለድኾች ልጆችና ለሳይንስ ትምህርት ቅድሚያ ሰጠ። በሐምሌ ወር 2002 ዓ.ም. ደግሞ ስምንተኛው ዓለም አቀፍ የሴቶች ጉዳይ የጥናት ጉባኤ በማኬሬሬ ተደረገ፤ ጉባኤው በአፍሪካ ምድር ሲሰበሰብ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ከየአገሩ የመጡት ሴቶች ምሁራን ጥናታቸውን ያሰሙት፣ ከ80 ዓመት በፊት 14ቱ ወንዶች ልጆች አናጢነትን መማር በጀመሩበት ኮረብታ ላይ ነው።