ባዶ እግሩን የሚሄድ ፍቅር፦ የአቴና ጠቢባንና የደብረ ኤልያስ ቅኔ ቤት

ከደብረ ማርቆስ በስተ ምዕራብ የምትገኘው ደብረ ኤልያስ በጎጃም በቅኔ ትምህርት ስማቸው ከሚነሣ ደብሮች አንዷ ስትሆን፣ ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው የቤተ ክህነትን ትምህርት ከቀሰሙባቸው ቦታዎች ከደብረ ወርቅና ከዲማ ጊዮርጊስ ጋር ትቆጠራለች። የጥንት ግሪኮች ስለ ፍቅርና ስለ ውበት ያነሡትን ጥያቄ ከዚህች ቦታ ታሪክ ጋር ማገናዘብ ሩቅ መንገድ ሊመስል ይችላል፤ ይሁን እንጂ ውበትን መፈለግን ራሱን የቻለ የኑሮ ሥርዓት ያደረገ ተቋም በኢትዮጵያ ቢፈለግ፣ ቅኔ ቤትን የሚቀድም አይገኝም።

በግእዝ መጻሕፍት አፍላጦን የሚባለው ፕላቶ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዘመን በጻፈው «ሲምፖዚየም» በተባለ ድርሰቱ፣ በአጋቶን ቤት ግብዣ የታደሙ ሰዎች ኤሮስን፣ ማለትም የጎደለውን አጥብቆ የሚሻ ፍቅርን፣ በየተራ ያወድሳሉ። ሶቅራጥስ ተራው ሲደርስ ከማንቲኔያዊቷ ዲዮቲማ የተማረውን ይናገራል፦ ኤሮስ ከእናቱ ከድህነትና ከአባቱ ከብልሃት የተወለደ፣ ባዶ እግሩን የሚሄድ፣ ቤት የሌለው፣ በሰው ደጅ የሚያድር፣ ነገር ግን መላ የማያጣ የጥበብ ፈላጊ ነው፤ ውበት ሞልቶለት ቢሆን ኖሮ ውበትን ባልተመኘም ነበር።

ይህን መልክ ከቅኔ ተማሪ አብልጦ የሚያሟላ ማግኘት ያስቸግራል። ተማሪው የወላጆቹን ቤት ትቶ፣ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በለመነው እህል እየኖረ፣ ቀን በዱር በገደሉ ቅኔ ሲቆጥር፣ ይኸውም የራሱን ድርሰት በልቡ ሲያወጣና ሲያወርድ ይውልና፣ ቆጥሮ የመጣውን ለመምህሩ ነግሮ ይታረማል። ትምህርቱ ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ተነሥቶ በዘአምላኪየ፣ በዋዜማና በሥላሴ በኩል ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ያድጋል። አንድ ጊዜ የተባለ ቅኔ ተመልሶ የማይባል በመሆኑም፣ ትናንት ያማረለት ተማሪ ዛሬ እንደገና ባዶ እጁን ይነሣል።

ይህ መመሳሰል ግን የውርስ አይደለም። «አንጋረ ፈላስፋ» በመባልም የሚታወቀው መጽሐፈ ፈላስፋ ጠቢባን በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ከዓረብኛ ወደ ግእዝ ሲመለስ የግሪክ ጠቢባንን ስም ይዞ ቢመጣም፣ በብዛት የያዘው ምክርና ተግሣጽ እንጂ ዲዮቲማ የፍቅርን አወጣጥ የገለጸችበትን መሰላል አይደለም።

በዚያ መሰላል አፍቃሪው ከአንድ ያማረ ገላ ተነሥቶ ወዳማሩ ገላዎች ሁሉ፣ ከዚያም ወደ ነፍስ፣ ወደ ሕግጋትና ወደ ዕውቀት ውበት ወጥቶ በመጨረሻ የማይለወጠውን ውበት ራሱን ያያል፤ መጀመሪያ የወደደው ሰው መወጣጫ ሆኖ ከታች ይቀራል። የቅኔ መንገድ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ሰም የሚባለው ከላይ የሚታየው ምሳሌ፣ ወርቅ የሚባለው ከሥሩ የተሸሸገው ምሥጢር ሲሆን፣ ሰሙ ከወርቁ ጋር በሚገባ ካልገጠመ ቅኔው ይፈርሳል፤ ወርቁን ያገኘ ሰውም ሰሙን አይጥልም። ወደማይታየው ለመድረስ የሚታየውን አለመናቁ የቅኔውን መንገድ ከዲዮቲማ መንገድ ይልቅ ለሰው ልጅ የቀረበ ያደርገዋል።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» በተባለው ልብ ወለዳቸው የቤተ ክህነት ሊቅ የሆነውን በዛብህን የሰብለ ወንጌል አስተማሪና አፍቃሪ አድርገው ካቀረቡት በኋላ፣ በዲዮቲማ መሰላል አላወጡትም። ዕውቀቱ በዛብህን ከእርሷ አልፎ ወደ ሌላ ውበት አያሻግረውም፤ ፍቅሩ እስከ ዕለተ ሞቱ በአንዲት ሰው ላይ ይጸናል።