በቤታቸው የሚማሩ ሕፃናትን ስለ ግንባታ የሚያስተምረው ሙዚየም

በዩናይትድ ስቴትስ ርዕሰ ከተማ ዋሽንግተን የሚገኘው ብሔራዊ የሕንፃ ሙዚየም፣ መደበኛ ትምህርት ቤት ሳይገቡ በወላጆቻቸው አማካይነት በቤታቸው ለሚማሩ ሕፃናት ስለ ኪነ ሕንፃ፣ ስለ ምህንድስናና ስለ ከተማ ፕላን የተግባር ትምህርት ሲሰጡ ከቆዩ ተቋማት አንዱ ነው።

የቤት ውስጥ ትምህርት እ.ኤ.አ. እስከ 1993 ባሉት ዓመታት በሃምሳውም የአሜሪካ ክፍላተ ግዛት ሕጋዊ እውቅና አግኝቷል። የፌዴራሉ መንግሥት የትምህርት ስታቲስቲክስ ማዕከል ባወጣው ግምት መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ1999 850 ሺህ ያህል የነበረው የእነዚህ ተማሪዎች ቁጥር በ2012 ወደ 1.8 ሚሊዮን ተጠግቷል።

ንባብና ሒሳብ በምግብ ጠረጴዛ ዙሪያ ማስተማር ይቻላል። የግንባታ ትምህርት ግን ቦታ፣ ቁሳቁስና ከሁሉም በላይ አብሮ የሚሠራ ቡድን ይጠይቃል፤ አንዲት እናት ከሁለት ልጆቿ ጋር ብቻዋን ልትወጣው የሚከብዳትም ይኸው ነው። ሙዚየሙ ለትምህርት ቤቶች ካዘጋጃቸው መርሐ ግብሮች መካከል በአንደኛው ተማሪዎች የድልድይ ዓይነቶችን አወቃቀር ያጠናሉ፤ በሌላው ደግሞ በአሜሪካዊው ቡክሚንስተር ፉለር ስም የሚታወቀውን ከሦስት ማዕዘኖች የተገጣጠመ ጉልላት ተባብረው ያቆማሉ። ማዕዘኑ አራት የሆነ ክፈፍ ሲገፉት እንደሚዛባ፣ ሦስት የሆነው ግን ቅርጹን እንደሚጠብቅ በእጅ ነክቶ መረዳት በመጽሐፍ ከማንበብ የተለየ ነው። የከተማ ፕላን ትምህርቱም ሕፃናቱ የአንድ ሰው ሕንፃ ጎረቤቱን እንዴት እንደሚነካ እንዲወያዩ ያደርጋል።

ጉዳዩ የአስተዳደር ገጽታም አለው። ለአብነት ያህል በአጎራባቹ የሜሪላንድ ክፍለ ግዛት፣ በአካባቢው የትምህርት ጽሕፈት ቤት ክትትል ሥር የሚያስተምሩ ወላጆች ሳይንስ፣ ማኅበራዊ ጥናትና ሥነ ጥበብን ጨምሮ የተወሰኑ ትምህርቶችን በመደበኛነት መስጠታቸውን የሚያሳይ የሥራ ማኅደር ለግምገማ ማቅረብ ይጠበቅባቸዋል። በሙዚየም የተሠራ ንድፍ ወይም የሞዴል ፎቶግራፍ በዚህ ማኅደር ውስጥ ሊካተት የሚችል ማስረጃ ነው።

ከትምህርት መሣሪያዎቹ ሁሉ ትልቁ ሕንፃው ራሱ ነው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. ከ1882 እስከ 1887 የተገነባው ለጡረታ ቢሮ ሲሆን፣ ንድፉን ያወጡት ጄኔራል ሞንትጎመሪ ሜግስ ናቸው። ከ15 ሚሊዮን በላይ ጡብ ፈጅቷል። በታላቁ አዳራሽ የቆሙት ስምንት ምሰሶዎች እያንዳንዳቸው 23 ሜትር ያህል ከፍታ አላቸው፤ እብነ በረድ ቢመስሉም ውስጣቸው ጡብ፣ ውጫቸው ቀለም የተቀባ ልስን ነው። ሜግስ ከየመስኮቱ ሥር ሦስት ጡብ በመተው ንጹሕ አየር እንዲገባ፣ የሞቀውም በጣሪያው በኩል እንዲወጣ አድርገዋል። የደረጃዎቹን ከፍታ ዝቅ ያደረጉት ለአካል ጉዳተኛ ጡረተኞች በማሰብ ነበር፤ ባለጉዳይን አስቦ መሥራት ያኔም ይታወቅ ነበር ማለት ነው።

ይህ ሕንፃ በኋላ እንዲፈርስ ታስቦ የነበረ ሲሆን፣ ኮንግረሱ እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳለፈው ውሳኔ ለሙዚየምነት ተሰጥቶ በ1985 ለሕዝብ ተከፍቷል። ሙዚየሙ መግቢያቸው ነፃ በሆነው የስሚዝሶኒያን ሙዚየሞች ሥር ስላልሆነ ለኤግዚቢሽኖቹ ክፍያ ያስከፍላል። ብዙ ልጆች ላሏቸውና ከወላጆቹ የአንዱ ደመወዝ ብቻ ለሚገባባቸው ቤተሰቦች ይህ ቀላል ወጪ አይደለም።